የልብስ ማጠቢያው ሲያፈስ የሚፈሰው የማን ገንዘብ ነው?

ያረጀ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከሥሩ ውሃ ማፍሰስ ሲጀምር የቤቱ ባለቤት በመጀመሪያ የሚያነሣው መወልወያ ነው፤ ቀጥሎ የሚያነሣው ስልክ ነው። ከስልኩ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ የገበያ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ገጽ ላይ ቢነሣ ቦታውን የሳተ አይሆንም። ጠጋኙ ይመጣል፤ ማሽኑን በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ ከበሮውን አንድ ሁለቴ ያዞርና ዋጋ ይጠራል። ለመሆኑ ያ ዋጋ ከየት መጣ? ከጎማው ዋጋ ነው? ከድካሙ ነው? ወይስ ባለቤቱ አዲስ ማሽን ልግዛ ቢል ከሚጠየቀው ገንዘብ ነው? በዚህ ጸሐፊ እምነት መልሱ ሦስተኛው ነው። እንዲህም የሆነው ጠጋኞች ከሌላው ሰው የባሱ ስግብግቦች ስለሆኑ አይደለም፤ ባለቤቱ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው።

ከምንዛሪው እንጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ተመን ለገበያው ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ መቶውን ተሻገረ። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር በአንድ ጊዜ ሲዘል የነበረውን ሁኔታ የሚያስታውሱ ሰዎች የዚህን ትርጉም ለማንም ሳይጠይቁ ያውቁታል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን በመርከብና በካርጎ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ዶላር በወጣ ቁጥር አብሮ ይወጣል። የወር ደመወዝ ግን ከዶላር ጋር መሮጥ አይችልም። በመሆኑም ቀድሞ «ቢበላሽ በዕቁብ እንገዛለን» ይባልለት የነበረው ማሽን ዛሬ እንደ ቤተሰብ አባል እየታከመ መኖር ግድ ሆኖበታል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የተለመደ አንድ መመዘኛ አለ፤ ጥገናው የአዲሱን ዕቃ ዋጋ ግማሽ ካለፈ አሮጌውን ጥለህ አዲስ ግዛ የሚል ነው። ይህ መመዘኛ የተቀመረው የሰው ጉልበት ውድ፣ ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ርካሽ በሆነበት አገር ነው። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ብር ሲወርድ አዲሱ ማሽንም መለዋወጫውም አብረው ይወደዳሉ፤ የጠጋኙ የቀን ገቢ ግን በዚያው ልክ አይወጣም። እንግዲህ ከጥገናው ወጪ ውስጥ ጉልበቱ ትልቁን ድርሻ እስከያዘ ድረስ፣ ጥገና ከግዢ ጋር ሲነጻጸር እየረከሰ መሄድ ነበረበት። በክፍል ውስጥ የተማርነው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ለምን አልረከሰም? አንድ የሒሳብ ምሳሌ እንውሰድ። የጠጋኙ እውነተኛ ወጪ፣ ማለትም ጎማው፣ ታክሲውና የግማሽ ቀን ድካሙ ተደምሮ 5 ነው እንበል። አዲሱ ማሽን 100 ነው። ባለቤቱ የብልሽቱን ምንነት የማያውቅ ከሆነ ከ5 እስከ 100 ያለው ሜዳ በሙሉ የጠጋኙ መጫወቻ ነው። ጠጋኙ 20 ቢጠራ ባለቤቱ 80 እንዳተረፈ ቆጥሮ አመስግኖ ይከፍላል። ብር ወርዶ አዲሱ ማሽን 180 ሲገባ ያችው ጎማ፣ ያው ታክሲና ያው ግማሽ ቀን 8 ቢፈጁ እንኳ ሒሳቡ 35 ይባላል። ባለቤቱም አሁንም ያተረፈ ይመስለዋል። የጥገናው ዋጋ ከድካሙ ተለይቶ ከአዲሱ ማሽን ዋጋ ጋር ሲጓዝ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ለኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ ከመጥፎው መለየት ስለማይቻል ጥሩው ዕቃ ከገበያ እየወጣ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር ለኖቤል ሽልማት ያበቃውም ይኸው ዘርፍ ነው። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ማይክል ዳርቢና ኢዲ ካርኒ እ.ኤ.አ. በ1973 ያነሡት ነው፤ ገዢው ከፍሎ ከወሰደ በኋላ እንኳ የሚያስፈልገውን ነገር ማግኘቱን ማወቅ የማይችልበት አገልግሎት አለ ይላሉ። ጥገና የዚህ ዓይነት አገልግሎት ነው። ማሽኑ ማፍሰሱን ቢያቆም እንኳ የተቀየረው ነገር መቀየር ነበረበት ወይ? ተቀይሯል የተባለው ነገርስ በእርግጥ ተቀይሯል ወይ? ባለቤቱ የሚያየው ወለሉ መድረቁን ብቻ ነው።

አንድ በቅርብ የማውቀውን ጉዳይ ልጥቀስ። አክስቴ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ማሽናቸውን ልጃቸው በ2003 ዓ.ም. ከቤይሩት ስትመለስ በካርጎ ያመጣችላቸው ነው፤ በሩ ከፊት የሚከፈት፣ ሲሞላም ሲደፋም በራሱ የሚሠራ ነው። ክረምት ላይ ከሥር ያሉት ጎረቤት በር አንኳኩተው የመታጠቢያ ቤታቸው ጣሪያ ቀለም እያበጠ መሆኑን ተናገሩ። በኮንዶሚኒየም ኑሮ የማሽን ፍሳሽ የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ የታችኛው ቤት ጣሪያ ሲበላሽ የላይኛው ቤት ከፋይ ነው። አክስቴም ጎረቤትን ላለማስቀየም ያገኙትን ጠጋኝ በጥድፊያ አስጠሩ። በጥድፊያ የሚገዛ ሰው ዋጋ እንደማይከራከር ጠጋኙም ያውቃል።

ሰውየው ማሽኑን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ማዘር፣ ይሄ አልቆለታል፤ ኩሽኔታው ሄዷል። መለዋወጫውም የለም። ቦታ ከሚይዝብዎ እኔ ላንሣልዎ» አላቸው። ለማንሣት የሰጠው ዋጋ ከቆራሌው ዋጋ ብዙም የሚርቅ አልነበረም። አክስቴ፣ «ልጄ፣ ጀርባውን እንኳ ሳትከፍተው ኩሽኔታው መሄዱን በምን አወቅህ?» ሲሉት፣ «በድምፁ ነዋ ማዘር፤ ልምድ ነው» አለ። ማሽኑ በዚያን ሰዓት ከሶኬት ተነቅሎ ነበር።

ልብ በሉ፤ በሽታውን የሚመረምረው፣ የመድኃኒቱን ዋጋ የሚቆርጠውና ሬሣውን ለመግዛት የቀረበው አንድ ሰው ነው።

ሁለተኛው ሰው የመጣው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው፤ በመኪና ጋራዥ የሚሠራ፣ የቤት ዕቃ በትርፍ ሰዓቱ የሚነካካ ሰው ነው። ካቻቢቴውን ከቦርሳው ሳያወጣ፣ «እትዬ፣ የሚያፈሰው መቼ ነው? ሲሞላ ነው፣ ሲያጥብ ነው ወይስ ሲደፋ?» ብሎ ጠየቀ። አክስቴ አላስተዋሉም ነበር። ወለሉን አደራርቀው፣ ጋዜጣ አንጥፈው፣ ማሽኑን ባዶውን አስነሡት። ሞላ፤ ጋዜጣው ደረቅ ነው። አዞረ፤ ደረቅ ነው። ቆሻሻውን ውሃ መድፋት ሲጀምር ከጀርባ በኩል ያለው ጋዜጣ ራሰ። የመድፊያው ቱቦ ማሽኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ፣ ከጫፉ አንድ ጋት ያህል ገባ ብሎ ተበስቷል። የተበሳውን ጫፍ ቆርጦ መልሶ ገጠመው፤ ማሽኑንም ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አደረገው። ሒሳቡ ከነታክሲው የአንድ ቀን ልብስ አጣቢ ክፍያ አይሞላም። ከ«አልቆለታል» እስከዚህ ያለው ልዩነት በሙሉ የአንዲት «መቼ?» የምትል ጥያቄ ዋጋ ነው።

ይህችን ጥያቄ ማንኛውም ባለቤት ጠጋኝ ከመጥራቱ በፊት ለራሱ ሊጠይቃት ይችላል። አስቀድሞ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ማሽን በሚሠራበት ጊዜ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ቆርቆሮውን መንካት ነፍስን ማስያዝ ነው። በሚሠራበት ጊዜ ከሩቅ ማየት፣ መንካት ካስፈለገ መንቀልና ቧንቧውን መዝጋት ነው። ከዚያ በተረፈ የሚያስፈልገው ደረቅ ወለልና ጋዜጣ ብቻ ነው። (አንብባችሁ ከጨረሳችሁ ይህችኛዋም ታገለግላለች።)

ማሽኑ ሳይሠራ፣ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ብቻ ከጀርባ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥፋቱ የማሽኑ ላይሆን ይችላል። የውሃ ማስገቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችው ጎሚኒ ደርቃ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቱቦው ቀን ይደርቃል፤ ሌሊት ውሃው አየርና አሸዋ እየገፋ በኃይል ሲመጣ ጎሚኒዋን ያንገላታታል። ያው አሸዋ ደግሞ ውሃ የሚያስገባውን የኤሌክትሪክ መዝጊያ ውስጥ ይገባና እስከ መጨረሻው እንዳይዘጋ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ቀስ እያለ ሲሞላ ያድርና ጠዋት ወለሉ ላይ ይገኛል። ባለቤቱ «ተነቅሎ እያለ እንዴት ያፈሳል?» ብሎ ሲደነቅ ጠጋኙ ትልቅ ብልሽት ነው ቢለው ያምናል። ነገሩ ከቱቦው መግጠሚያ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ወንፊት በፒንሳ አውጥቶ ማጠብ፣ ካጠቡም በኋላ ዘወትር ቧንቧውን መዝጋት ነው። መዝጊያው ራሱ ካረጀ መቀየር ይኖርበታል።

በሚሞላበት ጊዜ ከፊት በኩል የሚያፈስ ከሆነ የሳሙናውን መሳቢያ አውጥቶ ማየት ነው። ሳሙናው ጠጥሮ መንገዱን ከዘጋው ውሃው ወደ ፊት ይመለሳል። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የእኛው የራሳችን ችግር አለ። በተለምዶ ኦሞ የምንለው የዱቄት ሳሙና በአብዛኛው የሚሠራው ለእጅ አጠባ ነው፤ የእጅ አጣቢ ሰው አረፋ ካላየ ታጠበ አይልምና አረፋው ብዙ ነው። ከፊት የሚከፈት ማሽን ግን በጥቂት ውሃ እየገለባበጠ የሚያጥብ ስለሆነ ያን አረፋ የሚያደርስበት የለውም፤ በመሳቢያው በኩል፣ አንዳንዴም በበሩ በኩል ይተፋዋል። ሁለት ማንኪያ ሳሙና መቀነስ ያቆመውን ፍሳሽ ፓምፕ ቀይሮ «አቆምኩት» ያለ ጠጋኝ ቢኖር ማን ይከራከረዋል?

በሚያጥብበት ጊዜ ከበሩ ሥር የሚወርድ ከሆነ የበሩ ዙሪያ ጎማ ነው። በጎማው እጥፋት ውስጥ እጅ ቢሰዱ ሳንቲም፣ የፀጉር መርፌ፣ የጡት ማስያዣ ሽቦ መገኘቱ የተለመደ ነው። ጎማው በታችኛው በኩል ትንሽ ከተቀደደ የጎሚስታ መለጠፊያ ለጊዜው ይይዘዋል። ከበሩ ሳይሆን ከመሐል ሥር የሚወርድ ከሆነ ከገንዳው ወደ ፓምፑ የሚወርደው አጭሩ የጎማ ቱቦ ወይም እሱን የሚያጠብቀው ፋሼታ ላልቶ ይሆናል። በሚደፋበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የፓምፑና የመድፊያው ቱቦ ነው፤ የአክስቴ ጉዳይ ይህ ነበር።

ሲጨምቅ ብቻ የሚያፈስ፣ በዚያውም ላይ ሊነሣ እንዳለ አውሮፕላን የሚጮህ፣ ከከበሮው ጀርባ መሐል ላይ የዝገት መስመር የወረደበት ማሽን ካጋጠማችሁ የመጀመሪያው ጠጋኝ ያለው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። በሩን ከፍቶ ባዶውን ከበሮ በእጅ ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ ከገንዳው ተለይቶ ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል። ይህም የሚሆነው መካኒኮች ፓራዮሊ የሚሉት ውሃ መከላከያ ጎማ አስቀድሞ አርጅቶ ውሃ ስላሳለፈ ነው። ፍሳሹ በጊዜው ቢታይ ኩሽኔታው ባልተነካ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መለዋወጫው ገበያ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ኢኮኖሚ ያለው እዚህ ነውና። ኩሽኔታ አስፈሪ ስም ነው እንጂ ዕቃው ግን የሁሉም ነው። በጎኑ ላይ 6204፣ 6205 ወይም 6206 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። 6205 ማለት የትም ፋብሪካ ይሥራው የት ውስጡ 25፣ ውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የልብስ ማጠቢያው ሆነ የሞተር ሳይክሉ ወይም የውሃ ፓምፑ፣ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ዕቃው አንድ ነው። ስለዚህ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥ ሱቅ ገብቶ ስለ ልብስ ማጠቢያ አንድም ቃል ሳይናገሩ መግዛት ይቻላል፤ ብዙ ሻጭ ስላለ ዋጋውም ይታወቃል፤ የጥራቱም ልዩነት ሰውየው ፊት ለፊት ይነገራል። የበሩ ጎማ ግን የአንድ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም የአንድ ሞዴል ብቻ ነው። ሻጩ ጥቂት ነው፤ ገዢውም የት እንዳለ አያውቅም፤ ዋጋው የሚወሰነው በፊት ገጽታ ነው። እንግዲህ ማሽን ስትገዙ «ስንት ኪሎ ያጥባል?» ብቻ ሳይሆን «ሲያረጅ ስንቱ ዕቃው ከመርካቶ ይገኛል?» ብሎ መጠየቅም ከሸማች የሚጠበቅ ነው።

አምራቾችም ይህን ያውቃሉ። ባለፉት ዓመታት ከወጡት ሞዴሎች ውስጥ ብዙዎቹ የፕላስቲክ ገንዳቸው በቡሎን የታሰረ ሳይሆን ተገጣጥሞ የተበየደ ነው። ውስጡ ያለው 6205 የትም ሱቅ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ወደ እሱ የሚያደርስ በር የለም፤ መፍትሔው ሙሉውን ገንዳ መቀየር ነው ይባላል። ገንዳውን ዙሪያውን በመጋዝ ቆርጠው፣ ኩሽኔታውን ቀይረው፣ በቡሎንና በሲሊኮን መልሰው የሚገጥሙ ሙያተኞች አሉ፤ እንዲህ ያለው ሥራ ግን ልምድ ይጠይቃል፤ ዋጋውም ቢከብድ አይገርምም።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ከዚያ ወዲህ ገበያ ለገባ የልብስ ማጠቢያ ሞዴል የመጨረሻው ማሽን ከተሸጠ በኋላ ቢያንስ ለ10 ዓመት መለዋወጫ እንዲቀርብ ያስገድዳል፤ ፓምፕና ኩሽኔታን ለሙያተኛ፣ የበር ጎማን ለባለቤቱ ጭምር። ደንቡ እኛ ዘንድ አይሠራም፤ ጥቅሙ ግን በሻንጣ ሊመጣ ይችላል። በበሩ ጠርዝ ወይም በጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር በትክክል ገልብጦ ጀርመን ወይም ስዊድን ላለ ዘመድ መላክ ነው። የበር ጎማ ክብደቱ ከአንድ ጥንድ ጫማ አይበልጥም፤ ለገና ከሚመጣው ሽቶ ይልቅ የሚጠቅም ስጦታ ነው።

ከአሜሪካ ለሚመጣው ማሽን ግን ሌላ ጣጣ አለ። በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ በመሆኑ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ትራንስፎርመሩም ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጠውም፤ ስለዚህ ፓምፑ በእኛው 50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ይሠራል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ቱቦው ነው። የአሜሪካው የውሃ ቱቦ ጥርስ በአንድ ኢንች ውስጥ አሥራ አንድ ተኩል ነው፤ እኛ የምንጠቀምበት የእንግሊዙ ዓይነት አሥራ አራት ነው። ሁለቱም «ሦስት አራተኛ» ይባላሉና ገጣሚው በግድ ያጠብቀዋል፤ አንድ ሁለት ዙር የያዘ ይመስላል፤ ከዚያም ዕድሜ ልኩን ያንጠባጥባል። ቴፍሎን ቢጠቀለልበትም አይድንም። የሚያድነው ትክክለኛው መለወጫ ወይም ጫፉ የተቀየረ ቱቦ ነው።

አሁን ወደ ጠጋኙ እንመለስ፤ በሱም በኩል ያለውን መስማት ያስፈልጋል። ጠጋኙ ከጎሮ እስከ አየር ጤና በታክሲ ተጉዞ፣ ማሽን ከግድግዳ አላቆ፣ ተንበርክኮ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ካገኘ በኋላ «ትንሽ ነገር ናት» ቢል የሚከፈለው የትንሽ ነገር ዋጋ ነው። ይባስ ብሎም ባለቤቱ፣ «እንዲህ ቀላል ከሆነ የወንድሜ ልጅ ይሠራዋል» ይለዋል። ምርመራው በነጻ የተጠየቀ በመሆኑ ጠጋኙ የምርመራውን ዋጋ ከመለዋወጫው ላይ ማውጣት አለበት፤ መለዋወጫው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ትልቅ መለዋወጫ መፈለግ አለበት። ውሸቱን የሚያመርተው የክፍያው አሠራር ነው። ትንሽ ብልሽት ማግኘት የሚያስቀጣ፣ ትልቅ ብልሽት መፍጠር የሚያሸልም ሥራ ላይ ሐቀኛ ሰው ብናስቀምጥ ወይ ይለመዳል ወይ ሥራውን ይተዋል። አከርሎፍ ጥሩው ከገበያ ይወጣል ያለውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ምርመራውና ጥገናው በዋጋ ይለያዩ። «ለማየት ብቻ ደግሞ ገንዘብ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። ነገር ግን ክሊኒክ ስንሄድ ካርድ እናወጣለን፤ ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ቢለን የካርዱን ገንዘብ መልስ አንለውም፤ እንዲያውም ደስ ብሎን እንወጣለን። ለጠጋኙም ሲጠራ የካርድ ዋጋ ተነጋግሮ መቁረጥ፣ ምርመራውን ባለቤቱ ባለበት ማሽኑ እየሠራ እንዲያደርግ ማድረግ፣ ውሃው የወጣበትን ቦታ በጣቱ እንዲያሳይ መጠየቅ፣ ከዚያም ጥገናውን ለሱም ሆነ ለሌላ ለመስጠት ነጻ መሆን ይቻላል። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ደግሞ ለባለቤቱ ይመለስ። ጥሩ የመኪና ጋራዦች ይህን ሲያደርጉ ቆይተዋል፤ በቤት ዕቃ ላይ የማይሆንበት ምክንያት የለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ በተግባር ግን ቤታችን ድረስ ለሚመጣ ጠጋኝ አዋጅ ይዞ የሚከተለው ተቆጣጣሪ አይኖርም። ተቆጣጣሪው ባለቤቱና ጋዜጣው ናቸው።

ዕቃ አስመጪዎችም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም። መቶ ማሽን ያስገባ ነጋዴ አሥር የበር ጎማና አሥር ፓምፕ አብሮ ቢያስገባ የሚታሰርበት ካፒታል ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። «መለዋወጫ አለን» የሚል ማስታወቂያ በሱቁ በር ላይ መለጠፍ ዛሬ «አዲስ ዕቃ ገብቷል» ከማለት ይልቅ ደንበኛ ሊስብለት ይችላል። ደንበኛው ማሽኑን በየዓመቱ ሊቀይር አቅም የለውም፤ ሞዴል ከማሳመር ይልቅ የሚያስጨንቀው የሚገዛው ዕቃ አሥር ዓመት መቆየቱ ነው። ይህን ቀድሞ የተረዳ ነጋዴ ገበያውን ይይዛል።

በመጨረሻ «ብዙ ገንዘብ አፍስሼበታለሁ» ስለሚለው አነጋገር ጥቂት እንበል። የወጣ ገንዘብ ወጥቷል፤ ማሽኑን ለማቆየትም ሆነ ለመጣል ምክንያት አይሆንም። መታየት ያለበት ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑ የሚሰጠው አገልግሎት በሌላ መንገድ ቢገዛ ስንት እንደሚያወጣ ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ አዲስ ማሽን ብቻ አይደለም፤ በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ ልብስ አጣቢ አለች፤ ላውንደሪ አለ፤ ሳፋና የራስ ክንድም አለ። ገንዳው የተበየደ፣ ፓራዮሊው ያለፈ፣ ከበሮው የዛገ ማሽን ከነዚህ ጋር ተወዳድሮ ቢሸነፍ መሸኘት ነው። ሲሸኝ ግን በኪሎ አይሸጥ። ሞተሩ፣ ፓምፑ፣ ውሃ ማስገቢያው፣ የበሩ መቆለፊያና መስታወቱ ለየብቻ ገዢ አላቸው፤ ተመሳሳይ ሞዴል ያለው ሰው የእናንተን ማሽን ፓምፕ እየፈለገ ሊሆን ይችላል። ምናለሽ ተራ ሄዶ የአንድ ያገለገለ ፓምፕ ዋጋ ጠይቆ መመለስ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ቆራሌው በር ላይ ቆሞ «ብረት ብቻ ነው» ሲል ያን ዋጋ ንገሩት።